ሜፕል አንድ እንጨት አይደለም

ሜፕል ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው ነጣ ያለ፣ ልሙጥና ጠንካራ ጣውላ ነው። ነጣነቱ አብዛኛውን ጊዜ እውነት ነው፤ ጠንካራነቱ ግን እንደ ዛፉ ይለያያል። በዚህ ስም ከሚሸጡት ጣውላዎች አንዱ የቅርጫት ኳስ ተጫዋቾች ለአሥርተ ዓመታት ቢዘሉበት የማይበገር ሲሆን፣ ሌላው በጥፍር ሲጫኑት ምልክት የሚቀበል ነው። ሁለቱም ሜፕል ናቸው። ተልገው ከለሰለሱ በኋላ ላልለመደ ዓይን አንድ ይመስላሉ። ስለዚህ እንጨቱን ለመግዛት ወይም ለመሥራት የተነሣ ሰው አስቀድሞ ማወቅ ያለበት ጣውላው ከየትኛው የሜፕል ዛፍ እንደመጣ ነው።

ሜፕል በሳይንስ አጠራር አሴር በሚባለው ወገን ውስጥ ያሉ ከመቶ የሚበልጡ የዛፍ ዝርያዎች የጋራ መጠሪያ ነው። አብዛኞቹ ዝርያዎች የሚበቅሉት በእስያ ቢሆንም በእንጨት ንግድ ስማቸው ጎልቶ የሚነሣው የሰሜን አሜሪካና የአውሮፓ ዛፎች ናቸው። ከእ.ኤ.አ. 1965 ጀምሮ በካናዳ ሰንደቅ ዓላማ ላይ የሚታየው ባለ 11 ጫፍ ቀይ ቅጠልም የሜፕል ቅጠል ነው።

ዝርያዎቹን ሁሉ የሚያመሳስላቸው ነገር በባዶ ዓይን በቀላሉ አይታይም። ዛፍ ውኃን ከሥር ወደ ቅጠል የሚያደርሰው በቀጫጭን ቱቦዎች ነው፤ ግንዱ በአግድም ሲቆረጥ እነዚህ ቱቦዎች ቀዳዳ ሆነው ብቅ ይላሉ። እንደ ኦክና አሽ ያሉ ዛፎች በየዓመቱ የእድገት ወቅት ሲጀምር ሰፋፊ ቱቦዎችን፣ ወቅቱ ሲገፋ ደግሞ ጠባቦቹን ይሠራሉ። ጣውላቸው ላይ ጎልተው የሚታዩት መስመሮችና በጣት የሚዳሰሱት ቦዮች ከዚህ የመጡ ናቸው። የሜፕል ቱቦዎች ግን ደቃቅ ናቸው፤ በእያንዳንዱ ዓመታዊ ቀለበት ውስጥም ከዳር እስከ ዳር በእኩል ተሠራጭተዋል። ገጹ ዝግ የሆነው ለዚህ ነው። የሜፕል ትልልቅ ጥቅሞችም፣ አናጢውን የሚያስቸግሩት ጠባዮቹም ከዚህ ከአንዱ ባሕርይ ስለሚመነጩ ደጋግመን እንመለስበታለን።

ሌላም የሚለይበት ነገር አለ። ከብዙ ዛፎች የሚፈለገው ጠቆር ያለው የግንዱ ልብ ነው፤ ከቅርፊቱ ሥር ያለው ነጭ ክፍል እንደ ትርፍ ይቆጠራል። በሜፕል ዘንድ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ገዢ የሚሻው ውጭኛውን ነጭ ክፍል ሲሆን፣ ቀላ ያለ ቡናማው ልብ በርካሽ ይሄዳል። ይህን ነጭነት ማቆየት ራሱን የቻለ ሙያ ነው። ግንዱ በቀዝቃዛው ወራት ይቆረጣል፤ ሳይውል ሳያድር ይሰነጠቃል፤ ጣውላውም አየር እያገኘ ቶሎ እንዲደርቅ ይደረጋል። በሞቃትና እርጥብ አየር ከከረመ ግራጫ ቀለም ይይዘዋል፤ ቀለሙ ወደ ውስጥ ስለሚዘልቅም ላዩን በመላጊያ በመላግ አይለቅም።

በገበያ «ጠንካራ ሜፕል» የሚባለው በዋነኛነት የስኳር ሜፕል ነው፤ የቅርብ ዘመዱ ጥቁር ሜፕልም አብሮት ይሸጣል። የስኳር ሜፕል የሚበቅለው በሰሜን ምሥራቅ የዩናይትድ ስቴትስ ግዛቶችና በደቡብ ምሥራቅ ካናዳ ነው። ስሙን ያገኘው ከግንዱ ከሚቀዳው ጣፋጭ ፈሳሽ ሲሆን፣ 1 ሊትር የሜፕል ሽሮፕ ለማግኘት 40 ሊትር ገደማ ፈሳሽ ማፍላት ያስፈልጋል። ለፈሳሹ ሲባል ለዓመታት የተበሳ ግንድ በየቀዳዳው አካባቢ ጠቆር ያለ ረጅም መስመር ይወጣበታል። ይህ ለጽዱ ነጭ ሥራ አይሆንም፤ መስመሩን እንደ ጌጥ ለሚያዩ ሰዎች ግን ጣውላው የዛፉን ታሪክ ይዞላቸው ይመጣል።

የእንጨት ጥንካሬ ከሚለካባቸው መንገዶች ይበልጥ የታወቀው የጃንካ ፈተና ነው። ዲያሜትሯ 11.28 ሚሊ ሜትር የሆነች የብረት ኳስ እስከ ግማሽ አካሏ እንጨቱ ውስጥ እንድትሰምጥ ምን ያህል ኃይል እንደሚጠይቅ ይለካል። የስኳር ሜፕል 6,450 ኒውተን ገደማ ይጠይቃል። ጠንካራነቱ የሚመሰገነው ቀይ ኦክ በ5,700 አካባቢ ነው። ከሜፕሎቹ መካከል ቀይ ሜፕል 4,230 ገደማ፣ ብርማ ሜፕል ደግሞ 3,100 ገደማ ነው። በአንድ ስም በሚጠሩት በስኳር ሜፕልና በብርማው ሜፕል መካከል ያለው ልዩነት ከእጥፍ ይበልጣል ማለት ነው።

ወለል ላይ ጠንካራ ሜፕል የነገሠው በጥንካሬው ብቻ አይደለም። ገጹ ዝግ በመሆኑ ስንጥር አይነሣበትም፤ በዓመታት ሲያልቅም እኩል እያለቀ ይሄዳል፤ ተፍቆ እንደገና ሊታደስ ይችላል። የአሜሪካ ብሔራዊ የቅርጫት ኳስ ማኅበር ቡድኖች የሚጫወቱባቸው ሜዳዎች የሜፕል ናቸው፤ በኦክ ወለሉ የታወቀው የቦስተን ሴልቲክስ ቡድን ብቻ ይለያል። በቀድሞዎቹ የእንጨት ቦውሊንግ መስመሮችም ኳሱ የሚያርፍበት የመጀመሪያው ክፍልና ዒላማዎቹ የሚቆሙበት መጨረሻው ከሜፕል ይሠሩ ነበር። ኳሱ ዝም ብሎ የሚንከባለልበት መሃሉ ግን ከጥድ ነበር፤ ምት በሌለበት ቦታ ውድ እንጨት ማዋል አላስፈለገም።

ወጥ ቤት ውስጥም ጠንካራ ሜፕል ከሌሎች የሚለይበት ማስረጃ አለው። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ለምግብ ቤቶች የሚያወጣው ሞዴል ደንብ እንጨት ምግብ በሚነካ ገጽ ላይ እንዳይውል በጥቅሉ ይከለክላል። ከዚያ በኋላ ግን ጠንካራ ሜፕልን በስም ጠርቶ፣ እሱን ወይም በጥንካሬና በገጽ ጥብቀት የሚስተካከለውን እንጨት ለመክተፊያ፣ ለዳቦ ጋጋሪ ጠረጴዛና ለሊጥ መዳመጫ ይፈቅዳል። ምክንያቱ ከላይ ያልነው ነው፤ ሰፋፊ ቀዳዳ የሌለው ገጽ የሥጋ ጭማቂና የሊጥ ትራፊ መደበቂያ አይሆንም። ከመክተፊያዎች ሁሉ የምመርጠው የእንጨቱ ቃጫ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ እንዲቆም ተደርጎ ከትንንሽ ቁራጮች የተጣበቀውን ነው። ቢላዋው ቃጫውን በመቁረጥ ፋንታ በቃጫዎቹ መካከል ስለሚገባ ስለቱ ይቆያል፤ የመክተፊያው ገጽም ቶሎ አይጎዳም። ጠፍጣፋ ከሆነው የበለጠ ድካምና ወጪ ይጠይቃል፤ ግን ይገባዋል።

ፒያኖም ከዚህ እንጨት ብዙ ይጠይቃል። የክሮቹ ማጥበቂያ ብረቶች የሚተከሉበት ወፍራም ሳንቃ አብዛኛውን ጊዜ ተደራርቦ ከተጣበቀ ጠንካራ ሜፕል ይሠራል፤ ብረቱን ለዓመታት ሳይላላ ጨብጦ መያዝ አለበትና። የትልልቅ ፒያኖዎች የተጠማዘዘ ጎንም እንዲሁ በርካታ ረጃጅም የሜፕል ንብርብሮች በኮላ ተደራርበው፣ በቅርጽ ማውጫ ላይ ታጥፈው የሚሠሩት ነው።

ከዚህ ሁሉ ምስጋና ጋር ጠንካራ ሜፕል አንድ ትልቅ ጉድለት አለው፤ እርጥበትን ተከትሎ ይሰፋል፣ ይጠብባል። ይህን በቁጥር ማየት ይጠቅማል። ቀለበቶቹን ተከትሎ የተሰነጠቀና 30 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው የስኳር ሜፕል ጣውላ በውስጡ ያለው እርጥበት በ4 በመቶ ነጥብ ሲለወጥ ስፋቱ ከ4 ሚሊ ሜትር በላይ ይለወጣል። ቀለበቶቹን አቋርጦ፣ ማለትም ከግንዱ መሃል ወደ ቅርፊቱ አቅጣጫ የተሰነጠቀው ግን ለውጡ 2 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። በእርጥብና በደረቅ ወቅቶች መካከል የ4 በመቶ ነጥብ ልዩነት እንግዳ ነገር አይደለም። ሰፊ የጠረጴዛ ገጽ ከሥሩ ካለው ማዕቀፍ ጋር በቪቴ ግጥም ተደርጎ ከታሰረ እንጨቱ መንቀሳቀሱን ስለማይተው ይሰነጠቃል ወይም ይጣመማል። መፍትሔው ገጹ ወደ ጎን እንዲንቀሳቀስ የሚፈቅድ ማሰሪያ መጠቀም፣ ከተቻለም ቀለበቱን ያቋረጠ ጣውላ መምረጥ ነው።

አሁን «ለስላሳ ሜፕል» ወደሚባለው እንምጣ። ይህ የአንድ ዛፍ ስም አይደለም፤ ቀይ ሜፕልን፣ ብርማ ሜፕልን፣ ትልቅ ቅጠል ሜፕልንና ቦክስ ኤልደርን በአንድ ላይ የሚጠራ የንግድ አጠራር ነው። «ለስላሳ» የተባሉትም ከስኳር ሜፕል ጋር ሲነጻጸሩ ነው። ቀይ ሜፕል ለብቻው ሲታይ ለቤት ዕቃ ከበቂ በላይ ጠንካራ ነው። እንዲያውም ብዙዎች ያለ ምክንያት ይንቁታል ብዬ አምናለሁ። ለቁም ሳጥን፣ ለመሳቢያ፣ ለወጥ ቤት ካቢኔ በር ከጠንካራው ይልቅ የሚመረጥባቸው ብዙ ምክንያቶች አሉ። መጋዝና መላጊያ ሳያስቸግር ይቆርጠዋል፤ ኮላ በደንብ ይይዛል፤ ከስኳር ሜፕል ያነሰ ይንቀሳቀሳል፤ ዋጋውም ዝቅ ይላል። ቀለም ለሚቀባ ሥራ ደግሞ ዝግ ገጹ ትልቅ ሀብት ነው፤ የኦክ በር ቀለም ከተቀባ በኋላም ቦዮቹ ያሳብቁበታል፣ ሜፕሉ ግን እንደ መስታወት ልሙጥ ይሆናል።

ብርማ ሜፕል ቀለል ያለና በቀላሉ የሚሰረጎድ ስለሆነ ለማይታዩ የዕቃ ክፍሎች፣ ለሣጥንና ለመሳሰሉት ይውላል። ትልቅ ቅጠል ሜፕል በሰሜን አሜሪካ ምዕራባዊ ጠረፍ የሚበቅል ሲሆን፣ ታዋቂነቱ ከጥንካሬው ሳይሆን ከሚያወጣው ኅብረ መልክ፣ ማለትም በጣውላው ገጽ ላይ ከሚታየው የተፈጥሮ ጌጥ ነው። ቦክስ ኤልደር በክብደት ከሁሉም ቀላሉ ነው። ዛፉ ሲጎዳ አንዳንዴ በውስጡ ደማቅ ቀይ ጅረት ስለሚወጣ በመዘውር ላይ ሳህንና ጎድጓዳ ዕቃ የሚቀርጹ ባለሙያዎች ይፈልጉታል። ቀዩ ቀለም ግን ብርሃን አይችልም፤ ከጊዜ በኋላ ወደ ቡናማ ይወይባል። ይህን ሳይነግሩ የሚሸጡ ሰዎች ገዢውን ይበድላሉ።

ጠንካራውንና ለስላሳውን ለመለየት ክብደት የመጀመሪያ ፍንጭ ይሰጣል። በደንብ የደረቀ የስኳር ሜፕል በኪዩቢክ ሜትር 700 ኪሎ ግራም ገደማ ሲመዝን፣ ቀይ ሜፕል 610፣ ብርማው 530 አካባቢ ነው። ይበልጥ እርግጠኛ ለመሆን የጣውላውን ጫፍ በስለታም ምላጭ አጽድቶ በማጉያ መነጽር ማየት ይቻላል። ከግንዱ መሃል ወደ ቅርፊቱ እንደ ጨረር የሚዘረጉ ቀጫጭን መስመሮች አሉ። በጠንካራ ሜፕል ላይ ወፈር ያሉትና በጣም ቀጫጭኖቹ ተቀላቅለው ይታያሉ፤ ወፍራሞቹ የትልልቆቹን ቀዳዳዎች ስፋት ያህላሉ። በለስላሳው ላይ ከቀዳዳዎቹ ይቀጥናሉ። አንድ የኬሚካል ፈተናም አለ፤ በውኃ የተበጠበጠ የብረት ሰልፌት ሲነካው ጠንካራ ሜፕል ወደ አረንጓዴ ያዘነብላል፣ ቀይ ሜፕል ደግሞ ወደ ጥቁር ሰማያዊ ይለወጣል።

በአውሮፓ ዋናው ሜፕል በእንግሊዝ አገር ሲካሞር ተብሎ የሚታወቀው ነው። ሰሜን አሜሪካ ውስጥ ሲካሞር የሚባለው ከሜፕል ወገን ያልሆነ ሌላ ዛፍ ስለሆነ ከሁለቱ አህጉሮች እንጨት የሚያዝ ሰው ይጠንቀቅ። ጥንካሬው ከቀይ ሜፕል ትንሽ ከፍ ይላል፤ ንጣቱ ግን እጅግ ያማረ ነው። የኖርዌይ ሜፕልም በጠባዩ ለዚሁ ይቀርባል።

ይህን የአውሮፓ እንጨት በዓለም ያስከበረው ቫዮሊን ነው። የቫዮሊን ፊት ስፕሩስ ከሚባለው የጥድ ዘመድ ሲሠራ ጀርባው፣ ጎኑ፣ አንገቱና ክሮቹ የሚያርፉበት ድልድይ ከሜፕል ይሠራሉ። ከ17ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ በኋላ በጣሊያኗ ክሬሞና የሠራውና እ.ኤ.አ. በ1737 ያረፈው አንቶኒዮ ስትራዲቫሪም ይህንኑ ወግ ተከትሏል። ድልድዩ የክሮቹን ጫና ተሸክሞ ንዝረቱን ወደ ፊቱ ያስተላልፋል፤ አንገቱም የክሮቹ ጉተታ ሳያጎብጠው ቀጥ ብሎ መኖር አለበት። በኋላ ዘመን የኤሌክትሪክ ጊታር ሠሪዎች አንገቱን ከሜፕል የሠሩት በዚሁ ምክንያት ነው።

በቫዮሊን ጀርባ ላይ እንደ ነብር ዝንጉርጉር የሚታዩት መስመሮች ቀለም አይደሉም። ቃጫው ቀጥ ብሎ በመውጣት ፋንታ እየተጥመለመለ ስላደገ የተፈጠሩ ናቸው። እንዲህ ያለ ጣውላ ሲላግ በአንዱ ቦታ የቃጫው ጫፍ ወደ ላይ ያጋደለ ይሆናል፤ ከጎኑ ባለው ደግሞ ወደ ታች። ብርሃን ከሁለቱ በተለያየ አቅጣጫ ስለሚመለስ አንዱ ደምቆ ሌላው ጠቁሮ ይታያል። ጣውላውን በእጃችሁ ይዛችሁ ቀስ ብላችሁ ብታዘነብሉት የጨለመው ይበራል፣ የበራው ይጨልማል። እንጨት ከሚሰጠን ውበት ሁሉ ይህን የሚያህል ያለ አይመስለኝም።

የተለያዩት ኅብረ መልኮች እንዴት እንደሚሰነጠቁ ማወቅ ገንዘብን ከብክነት ያድናል። ዝንጉርጉሩ መልክ ጎልቶ የሚወጣው ቀለበቱን ባቋረጠ ጣውላ ላይ ነው። የተደራረበ ደመና የሚመስለውና በተለይ በትልቅ ቅጠል ሜፕል ላይ የሚገኘው መልክ ግን ቀለበቱን በተከተለ ጣውላ ላይ ይደምቃል። «የወፍ ዓይን» የሚባሉት ጥቃቅን ክብ ነጠብጣቦችም እንደዚሁ ናቸው። የወፍ ዓይን በብዛት የሚታየው በሰሜን አሜሪካ ታላላቅ ሐይቆች አካባቢ በሚበቅለው የስኳር ሜፕል ላይ ነው። ተመራማሪዎች ምክንያቱን ገና አልተስማሙበትም፤ ስለዚህ በታሰበበት የሚተከል አይደለም። ከሺህ ዛፍ ጥቂቱ ላይ ብቻ ስለሚገኝም አብዛኛው ወደ ስስ ልባስ ተገፎ ብዙ ዕቃ እንዲሸፍን ይደረጋል።

ሌሎቹ መልኮች የሕይወት ትግል ምልክቶች ናቸው። አምብሮዥያ የምትባለው ደቃቅ ጥንዚዛ ግንዱን ትበሳለች፤ የምትመገበው ግን እንጨቱን ሳይሆን በጉድጓዷ ውስጥ የምታበቅለውን ፈንገስ ነው። ፈንገሱ ከቀዳዳው ተነሥቶ ቃጫውን ተከትሎ ግራጫና ቡናማ ነበልባል የመሰለ ጅረት ይሥላል። እርጥብ መሬት ላይ የወደቀ ግንድ ደግሞ ብዙ የፈንገስ ወገኖች ይወሩታል። እያንዳንዱ ወገን ግዛቱን ከሌላው ለመከለል የሚሠራው ድንበር በጣውላው ላይ በቀለም እንደተሣለ ጥቁር ቀጭን መስመር ይወጣል። ቁም ነገሩ ጊዜውን ማወቅ ነው። ግንዱ ቶሎ ከተነሣ መስመሩ አይኖርም፤ ከዘገየ እንጨቱ ይበሰብሳል። እርጥበቱ ከ20 በመቶ በታች ሲወርድ ፈንገሱ መሥራቱን ያቆማል። እንዲህ ያለውን እንጨት የሚፍቅ ሰው አቧራውን ወደ ሳንባው እንዳያስገባ ጭንብል ማድረግ ይኖርበታል።

የዝርያና የቃጫ ልዩነት የሰው ደኅንነት ጉዳይ እስከ መሆን የደረሰው በአሜሪካ ቤዝቦል ሜዳ ላይ ነው። የቤዝቦል ዱላ ለብዙ ዘመን ከአሽ ይሠራ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2001 ባሪ ቦንድስ በሜፕል ዱላ በአንድ የውድድር ዘመን 73 ጊዜ ኳሱን ከሜዳ በማስወጣት ክብረ ወሰን ሰበረና ተጫዋቾች ወደ ሜፕል ጎረፉ። ብዙም ሳይቆይ ችግር ታየ። አሽ ሲሰበር አብዛኛውን ጊዜ ይሰነጠቃል ወይም ይላጣል። ሜፕል ግን ለሁለት ተከፍሎ ሹል ስባሪው ወደ ተጫዋቾችና ወደ ተመልካቾች ይወረወር ጀመር።

የአሜሪካ ዋናው የቤዝቦል ሊግ ጉዳዩን እ.ኤ.አ. በ2008 ሲያስጠና በማዲሰን፣ ዊስኮንሲን የሚገኘው የመንግሥት የደን ውጤቶች ላቦራቶሪ ባለሙያዎች ከተሳተፉት መካከል ነበሩ። ዋናው ጥፋት የቃጫው መጋደል ሆኖ ተገኘ። የዱላው ቃጫ ከዳር እስከ ዳር ቀጥ ብሎ ካልሄደ ምቱ ሲያርፍበት እንጨቱ በተጋደለው መስመር ይከፈላል። በአሽ ላይ ይህን መጋደል ሠሪው በዓይኑ ያየዋል፤ ሰፋፊ ቀዳዳዎቹ መስመሩን ይጽፉለታል። በሜፕል ላይ ግን አይታይም። ለመክተፊያና ለወለል ያስመረጠው ዝግ ገጽ እዚህ አደጋውን ደበቀው።

የተገኘው መላ ቀላል ነው። በዱላው እጀታ ላይ አንዲት የቀለም ጠብታ ትደረጋለች። ቀለሙ በደቃቆቹ ቱቦዎች እየተሳበ ቃጫው በሄደበት ይሄዳል፤ መስመሩ ከዱላው ቁመት ከ3 ዲግሪ በላይ ካዘነበለ ዱላው አያልፍም። እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ ይህ ምልክት በሜፕል ዱላዎች ላይ ግዴታ ሆነ። ኳሱ የሚያርፍበት ጎን እንዲለወጥም የአምራቹ ማኅተም በ90 ዲግሪ ዞሮ እንዲታተም ተደረገ። ክብደታቸው ቀለል ባሉት የሜፕል ዝርያዎች ላይም ቆይቶ ገደብ መጣ። ስብራቱ በግልጽ ቀነሰ። ለወንበር እግር፣ ለመዶሻ እጀታ ወይም ለመሰላል መርገጫ ሜፕል የሚጠቀም አናጢም ይህንኑ የጠብታ ፈተና በትርፍ ቁራጭ ላይ ቢሞክረው ይጠቀማል።

በሥራ ቦታ ጠንካራ ሜፕል ትዕግሥት ይጠይቃል። የደነዘዘ መጋዝ ወይም በአንድ ቦታ ቆም ያለ መቁረጫ ገጹን አቃጥሎ ቡናማ ምልክት ይተውበታል፤ ስለዚህ ስለቱ የተሳለ፣ አካሄዱም ያልተቋረጠ ይሁን። ቪቴ ከመግባቱ በፊት ቀዳዳው በመሰርሰሪያ ይበሳ፤ አለዚያ ቪቴው ይሰበራል ወይም እንጨቱ ይሰነጠቃል። ዝንጉርጉሩን ጣውላ መላጊያ እንዳይነቅለው በእያንዳንዱ ዙር ጥቂት ብቻ ማንሣት፣ መጨረሻውንም በብርጭቆ ወረቀት ማለስለስ ይሻላል።

ጠቆር እንዲል ቀለም መንከር ላይ ብዙ ሰው ይበሳጫል። ዝግ ገጹ ቀለሙን በእኩል ስለማይጠጣ እዚህ ይጠቁራል፣ እዚያ ይነጣል። ሜፕልን ዋልነት የሚባለውን ጥቁር ቡናማ እንጨት ለማስመሰል መድከም ትርፉ ጥቂት ነው፤ ዋልነት የፈለገ ዋልነት ቢገዛ ይሻላል። የግድ ከሆነ ግን አስቀድሞ ስስ የሼላክ ወይም የቫርኒሽ ሽፋን ቀብቶ ገጹን ማስታገስ፣ ከዚያ ቀለሙን በስሱ ደጋግሞ መቀባት ይረዳል። ነጭነቱን ማቆየት ለሚፈልግ በውኃ የሚቀጥን ቫርኒሽ ይመረጣል፤ በዘይት ላይ የተመሠረተው ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ወደ ማር ቀለም ይወስደዋል። ለዝንጉርጉሩ መልክ ግን ዘይቱ ጥልቀት ስለሚሰጠው እኔ እሱን እመርጣለሁ።

ደጅ ላይ ሜፕል አይሆንም። የስኳር ሜፕልም ቢሆን፣ ያ ሁሉ ጥንካሬ እያለው፣ አፈር የነካው ወይም ዝናብ የሚመላለስበት እንደሆነ ፈንገስ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ያጠፋዋል፤ ነፍሳትም አይምሩትም። ጥንካሬና ብስባሴን መቋቋም የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ ሁለተኛው የሚመጣው በአንዳንድ ዛፎች ልብ ውስጥ ከሚጠራቀሙ ኬሚካሎች ሲሆን ሜፕል እነዚህ የሉትም ማለት ይቻላል። ለአጥር፣ ለበረንዳ ወለልና ለአትክልት ቦታ መቀመጫ ቲክ ወይም ሴዳር ይፈለግ።